አባቴ የሐኪሞች አስተማሪ በነበረ ጊዜ

እስከ ስምንት ዓመቴ ድረስ አባቴ ሁለት ሥራ ያለው ሰው ይመስለኝ ነበር። ሌላውን ቀን ሁሉ ጋራዥ ውስጥ የጭነት መኪና ሞተር ይጠግናል፤ ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ ሐኪም ቤት ሄዶ ሐኪሞችን ያስተምራል። ይህን ማንም አልነገረኝም። በዓይኔ ያየሁት ነው፤ በዓይኗ ያየችውን ነገር ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ ለማንም ብላ አትተወውም።

ማስረጃ አጥቼም አይደለም። ሐሙስ ሐሙስ አባቴ እጁን እስኪቀላ ይፈትጋል። ጥፍሩ ሥር የገባው የሞተር ዘይት አልለቅ ሲለው አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አምጥቶ ይፋለመዋል። ከዚያ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዙን ይለብሳል። እናቴ ማተሚያ ቤት ስለምትሠራ በዚያ ሰዓት ቤት የለችም፤ እኔ ደግሞ ሐሙስ ከሰዓት ትምህርት ስለሌለኝ ይዞኝ ይሄዳል። ደረጃው ላይ ያገኘን ጎረቤት ወዴት ነው ብሎ ሲጠይቀው "ቀጠሮ አለኝ" ይላል። ቀጠሮ ያለው ትልቅ ሰው ብቻ እንደሆነ አውቅ ነበር።

የምንገባበት ክፍል ስድስት አልጋ አለው። ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ከዚያ በላይ ነጭ ነው፤ ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የመድኃኒት ሽታ አለው። በሩ ላይ ስንደርስ ነጭ ጋዋን የለበሱ አሥራ አምስት ወጣቶች ከያሉበት ብድግ ይላሉ። "ጋሼ መጡ! ጋሼ መጡ!" ይባባላሉ። እኛ እንኳ ለትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር እንዲያ ብድግ አንልም ነበር።

አባቴ ሸሚዙን አውልቆ፣ አጥፎ፣ ለእኔ ያስይዘኛል። አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ወጣቶቹ ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው አንድ በአንድ ይቀርቡታል። አባቴ ያዛቸዋል።

"እዚያ አይደለም። ወደ ግራ። ትንሽ ዝቅ... እሱ ጋ። አሁን ወደ ፊት ልደፋ፣ ትንፋሼን ሙልጭ አድርጌ ላውጣ። ያኔ ስማ።"

ትንፋሹን አውጥቶ ይይዛል። ክፍሉ ጸጥ ይላል። በሌሎቹ አልጋዎች ላይ ያሉት ሰዎች ሳይቀሩ ማሳላቸውን ያቆማሉ።

"ሰማሁ!" ይላል አንዱ።

"ምን ሰማህ?" ይላሉ ከኋላ የቆሙት ፕሮፌሰር። ጆሯቸው ላይ ፀጉር የበቀለ፣ ጋዋን ለባሹ ሁሉ እንደ እሳት የሚፈራቸው ሽማግሌ ናቸው።

"ፉ... የሚል ነገር።"

"መቼ?"

"ከምቱ ጋር።"

"ከምቱ በኋላ ነው እንጂ!" ይላል አባቴ፣ ፕሮፌሰሩን ቀድሞ። ፕሮፌሰሩም ይስቃሉ። ልጁ በሃፍረት ላብ በላብ ይሆናል። እኔ ሸሚዙን አቅፌ በኩራት እንደ ፊኛ እነፋለሁ።

ዛሬ እውነቱን አውቃለሁ። አባቴ በሽተኛ ነበር። በልጅነቱ ጉሮሮውን አሞት፣ ሕመሙ ወደ መገጣጠሚያው ወርዶ፣ በመጨረሻ ልቡ ላይ አረፈ። ልቡ ደም የሚልክበት በር ተበላሽቶ በደንብ አይዘጋም ነበር፤ ከተላከው ደም ገሚሱ ይመለሳል። የሚመለሰው ደም የሚያሰማው ድምፅ እጅግ ቀጭን ነው፤ እሱን አንድ ጊዜ እንኳ በትክክል ሳይሰሙ የሚመረቁ ሐኪሞች እንዳሉ ነግረውኛል። አባቴ የእነዚያን አሥራ አምስት ልጆች ቀዝቃዛ ብረት በየሐሙሱ ደረቱ ላይ የሚቀበለው ይህን ድምፅ እንዲያውቁት ብሎ ነው። ማንም አላስገደደውም።

ግን እኔ ጋራዡን አውቃለሁና እንዴት በሽተኛ ነው ብዬ ልጠርጥር? አባቴ ጆሮ ያለው ሰው ነበር። ሹፌር መኪናውን ይዞ ሲመጣ ሞተሩን ለመፍታት አይቸኩልም። ብሎን የሚፈታበትን ረጅሙን ካቻቢቴ አንሥቶ ጫፉን የሚሠራው ሞተር ላይ ያሳርፋል፤ እጀታውን ጆሮው አጠገብ ካለው አጥንት ላይ ይደግፍና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ "ሦስተኛው ቫልቭ ነው፤ አይዘጋም" ይላል። ሲፈታም ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ማዳመጫ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ወዲያው ገባኝ፤ ሐኪሞቹ ይህን ጥበብ ከአባቴ እየተማሩ ነው፤ ጀማሪ ስለሆኑ ነው የጎማ የተሰጣቸው።

እናቴ እያስመሰለች የምትተርከው አንድ ነገርም ነበር። አባቴን ለስድስት ዓመት ያየው ሐኪም ሁሉ "ልብህ ደክሟል" እያለ ይመልሰው ነበር አሉ። ፕሮፌሰሩ ግን መጀመሪያ ሥራውን ጠየቁት። ጋራዥ መሆኑን ሲነግራቸው ወረቀት ስበው የልብን በር ሣሉለት። አባቴ ሥዕሉን አይቶ፣ "ቫልቩ አይዘጋም ነዋ የምትሉኝ! ታዲያ ይህን ለመናገር ስድስት ዓመት ይፈጃል?" ብሎ ጮኸ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጅ ሆኑ።

ከወጣቶቹ መካከል አባቴ "ዝምተኛዋ" የሚላት አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች። ድምፁን መስማት አቃታት። ሌሎቹ ሳይሰሙም "ሰማን" ብለው ያልፋሉ፤ እሷ ግን ሦስት ሐሙስ ሙሉ "አልሰማሁም" አለች። በሦስተኛው ሐሙስ ኮሪደሩ መስኮት ጋ ቆማ ስታለቅስ አየኋት። አንጀቴን በላችኝ። አባቴ እንደሚጥላት እርግጠኛ ነበርኩ፤ ጋራዥ ውስጥ ሰነፍ ተለማማጅ አይወድም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ያንን ረጅም ካቻቢቴ ሹራቤ እጅጌ ውስጥ ሸጉጬ ሄድኩ። ክንዴ አልታጠፍ ስላለኝ መንገዱን ሁሉ እንደ ወታደር ነው የተራመድኩት። መስኮቱ ጋ ጠርቼ ሰጠኋት።

"ያንቺ ጎማ ስለሆነ ነው" አልኳት። "አባዬ የሚሰማው በዚህ ነው።"

ዝምተኛዋ ካቻቢቴውንም እኔንም እያየች ቆየችና እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ከዚያ ይዛው በቀጥታ ወደ አባቴ ሄደች። ጉዴ ፈላ ብዬ በሩ ኋላ ተሸጎጥኩ። አባቴ ግን አልተቆጣም። ነገሩን ሰምቶ ከት ብሎ ከሳቀ በኋላ ፊቱ ረጋ አለ።

"ቅዳሜ ጋራዥ ነይ" አላት።

መጣች። አባቴ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና አስነሥቶ ካቻቢቴውን አስያዛት። ሞተሩ ምድሩን ያንቀጠቅጣል፤ እሷ ጎንበስ ብላ ዓይኗን ጨፍናለች። "ጩኸቱን ተይው!" ይላታል አባቴ በጩኸት። "እሱ ለማንም ይሰማል። በሁለት ጩኸት መሀል ያለውን ስሚ!" እስከ ምሳ ሰዓት እንዲያ ሲላት ቆየ። ጉንጯ ጥላሸት፣ ጆሮዋ ዘይት ሆነ። አንድ ጊዜ ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል። "ያፏጫል" አለች። "መሀል ላይ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ያፏጫል።" አባቴ ሞተሩን አጠፋና እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጨበጣት።

ሐሙስ ዕለት የአባቴ ደረት ላይ ጎንበስ ባለች በሁለተኛው ትንፋሽ "ይኸው!" ብላ ስትጮህ የአምስተኛው አልጋ ሽማግሌ ከእንቅልፋቸው ባነኑ። ፕሮፌሰሩ ማን አስተማረሽ ብለው ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ቅዳሜ ማለዳ ክራባታቸውን እንዳሰሩ ጋራዥ መጡ፤ ኮታቸውን ምስማር ላይ ሰቅለው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ካቻቢቴውን ተቀበሉ። ያን ቀን ከዚህ በላይ የሚታይ ነገር በምድር ላይ የቀረ አልመሰለኝም።

አባቴን በተመለከተ ሌላም የማምንበት ነገር ነበር። ጭንቅላቱ ሁልጊዜ በስሱ ይነቀነቃል፤ እሺ እንደሚል ሰው፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች። ጠባዩ ነው፣ እሺ ባይ ስለሆነ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። "አባዬ ከረሜላ ልግዛ?" ስለው ራሱ እሺ ይላል፤ አፉ "ጥርስሽስ?" ይላል። እኔ የማዳምጠው ራሱን ነው። ወደ ልቡ እየተመለሰ እንደገና የሚወረወረው ደም በየምቱ ራሱን እንደሚያነቃንቀው የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

ጨዋታም ነበረን። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ስንወጣ አባቴ መሀል ላይ ቆም ይልና "ቆይ፣ የጫማዬን ማሰሪያ ልሰር" ብሎ ጎንበስ ይላል። ይህ እኔ እንዳሸንፈው የሚሰጠኝ ዕድል ነው። ሮጬ ቀድሜ በሩን እይዛለሁ። አሸናፊነቴም እያደር እየቀለለኝ ሄደ።

እንግዲህ አንድ ሐሙስ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ደረቱን አዳምጠው ሲያበቁ ማዳመጫውን ከጆሯቸው ነቀሉ።

"ሰሞኑን እንዴት ነህ?"

"ደህና ነኝ ዶክተር።"

"ደረጃ ላይስ? አያደክምህም?"

"ኧረ ምንም! እንደ ልጅ ነው የምወጣው።"

እኔ ሸሚዙን እንዳቀፍኩ ሳቄ አመለጠኝ። "አባዬ ደግሞ! ሁልጊዜ የማሸንፍህ እኔ አይደለሁ? የጫማህን ማሰሪያ ልሰር ብለህ ስትቆም?"

ሁሉም ወደ አልጋው ሥር አዩ። አባቴ ያወለቀው ጫማ እዚያ ተቀምጧል። በላስቲክ የሚጠለቅ፣ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነው። ሌላውም ጫማው እንደዚያው ነበር፤ ስንት ዓመት አብሬው ስኖር እኔ አንድም ቀን አላሰብኩትም።

ፕሮፌሰሩ ቀስ ብለው መጥተው ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አሉ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሰማሁት። ፊታቸው ከፊቴ ጋር እኩል ሆነ።

"ስንት ጊዜ ነው የሚያስረው?"

"ሦስቴ።"

"ድሮስ?"

"ድሮ አንዴ ነበር። ይቺ ጥርሴ ሳትወልቅ።"

አፌን ከፍቼ አሳየኋቸው። አልሳቁም። "መቼ ነው የወለቀችው?" አሉ።

"የፈተና ሳምንት።"

ማስታወሻቸውን አውጥተው ጻፉ። እውነቴን ነው፣ ጥርሴን ጻፏት። "ሌላስ ምን አየሽ የኔ ልጅ?" አሉኝ። ትልቅ ሰው ያየሁትን ጠይቆኝ እንዲህ ሲጠብቀኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እኔም ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። አሁን ሳልጠይቀውም እሺ እንደሚለኝ፤ ጋዜጣ ሲያነብ ጋዜጣው ራሱ አብሮት እሺ እንደሚል፤ ጀርባዬን አመመኝ ብሎ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደሚተኛ። ብዕራቸው አልቆመም። ዝምተኛዋ አፏን በእጇ ይዛለች።

ፕሮፌሰሩ ተነሥተው ወደ አባቴ ዞሩ። "መቼ ልትነግረኝ ነበር?" አሉት። አባቴ ግድግዳውን አየ። ያን ጊዜ ሁላችንንም አስወጡን።

ከዚያ ከአባቴ ጋር ወደ ቤት ሄድን። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ቆመ። በዚህ ጊዜ አላጎነበሰም፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ብቻ ተነፈሰ።

"እለፊ" አለኝ።

"አልፈልግም።"

ከእሱ በታች ባለው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። አስተማሪን በተማሪዎቹ ፊት ማዋረድ ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበርና ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በዚያ ሳምንት እናትና አባቴ በር ዘግተው ሲነጋገሩ የእናቴ ድምፅ ከፍ አለ፤ "እንደ ወንድምህ እንዳትሆን ነዋ የምንለምንህ!" አለች። የአባቴን ታላቅ ወንድም የማውቀው በፎቶግራፍ ብቻ ነው። እሱም ሐኪሞችን ያስተምር ነበር ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ሃያ ዓመት ሲሆነኝ እናቴ ነገረችኝ። የአጎቴም ሕመም ያው ነበር። ልቡን ሊጠግኑለት ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቡት፤ በሕይወት አልወጣም። ያኔ አባቴ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ከክፍሉ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲጠብቀው ዋለ። ስለዚህ ነው የልቡን ድምፅ ለዓለም ሁሉ እያሰማ ድካሙን የደበቀው። ፕሮፌሰሩ "ሕመሙ ካልባሰ ቢላዋ ይቆይ" ብለውት ነበር፤ እሱም እንዳይብስ አደረገው፤ በአፉ።

ከዚያ ሐሙስ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሐኪም ቤት አስተኙት። ከኦፕራሲዮኑ በፊት በነበረው ከሰዓት ከክፍሉ በር እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ጋዋን ለባሽ ተሰልፏል፤ የማላውቃቸው ተማሪዎች ሁሉ አሉበት። አንዲት ነርስ ልትበትናቸው ስትል የአባቴ ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

"ተያቸው እህቴ፣ ይግቡ። ይህ ድምፅ ነገ ወይ ይጠገናል ወይ አብሮኝ ይሄዳል። ከነገ በኋላ አያገኙትም።"

አንድ በአንድ ገቡ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። ፈተናው ከብዷቸው ነው ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ያን ጊዜ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችኝና እጄን ያዘች።

"አባትሽ አስተማሪያቸው አይደለም" አለችኝ። "በሽተኛቸው ነው። ነገ ደረቱን ይከፍቱታል።"

"ሁሉንም ያዛቸዋል እኮ" አልኳት።

አለቀሰች። ስታለቅስ አመንኳት። ከዚያ ወዲያ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ፤ ምስጢሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ማሰሪያውን ባልናገር ኖሮ ማንም አይነካውም ነበር፤ ካልተመለሰ በእኔ ነው። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም።

በማግስቱ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። እናቴ የሹራቧን አዝራር ስትፈታ ስትቆልፍ ዋለች። በሩ ሲከፈት ዝምተኛዋ ናት፤ ቆቧ ግንባሯ ላይ ምልክት ሠርቷል። "ወጥቷል" አለች። "እየተነፈሰ ነው።" በዚያ ቀን የተተካለት አዲስ ቫልቭ ሃያ ሁለት ዓመት አኖረው።

ያየሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ራሱ ትራሱ ላይ ጸጥ ብሏል። አይነቀነቅም። ያኔ የመጣብኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ ተቀይሞኛል፤ ከእንግዲህ እሺ አይለኝም። ዝምተኛዋ በጆሮዬ "አሁን እሺ የሚልሽ ሲፈልግ ብቻ ነው" ብላ ልታስቀኝ ሞከረች። አልሳቅኩም። እሱም አቅም ስላልነበረው ብዙ አያወራም፤ እኔ ደግሞ በሄድን ቁጥር ከእናቴ ቀሚስ ኋላ አልወጣም ነበር።

ሁለት ሳምንት አለፈና ሐሙስ ሆነ። ፕሮፌሰሩ አሥራ አምስቱን አስከትለው ገቡ። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ማዳመጫቸውን ሲያወጡ "ኪሳችሁ ክተቱት" አሏቸው። ወንበር ስበው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ፤ ብዕራቸውን አወጡ።

"በየሐሙሱ እንዴት ነህ ስልህ ደህና ነኝ ትለኝ ነበር" አሉት። "ያኔ ምን ይሰማህ እንደነበር ንገረን። እነዚህም እንዲያውቁ፣ እኔም እንዳውቅ።"

አባቴ ትራሱ ላይ ቀና አለ። ከዚያ ጀመረ። መኪና የሚነሣበትን ክሪክ መጫን ያቃተው ቀን ጋራዡን ዘግቶ መኪና ሥር እንደተኛ፤ በግራ ጎኑ ሲጋደም የልቡ ምት ትራሱን እንደሚደበድበው፤ ደረጃውን በስንት ትንፋሽ እንደሚከፋፍለው። ወንድሙን ተናገረ። "ፈራሁ" አለ በመጨረሻ። አሥራ አምስት ሰው ፊት፣ ድምፁን ሳይቀንስ። ትልቅ ሰው ይህን ቃል ስለ ራሱ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከብዕሮቹ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

"ጋሼ፣" አለች ዝምተኛዋ፣ "በሽተኛ እንዲህ ሲደብቀን እኛ በምን እንወቅ?"

አባቴ ወደ እሷ ዞረ።

"ሹፌር መኪናውን ሲያመጣልኝ ምንም አልሆነም፣ ትንሽ ነገር ነው ይለኛል" አለ። "ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። እኔ እሱን አልፌ ረዳቱን ነው የምጠይቀው። ረዳቱ አብሮ ውሎ አብሮ ያድራል፤ የት እንደቆመ፣ ስንት ጊዜ እንደቆመ ያውቃል።" በዓይኑ ፈለገኝና ከእናቴ ኋላ አገኘኝ። "የእኔ ረዳት ያቺት። ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ።"

አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀልኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ፤ እጁን ጭንቅላቴ ላይ ጫነው።

"ከጥርሷ ጀምራ ትንገራችሁ" አለ።

ፕሮፌሰሩ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዙረው አዲስ ገጽ ገለጡ። አሥራ አምስቱም አንገታቸውን ወደ ማስታወሻቸው ደፍተው ጠበቁ። እኔም እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ ማስተማር ጀመርኩ።